ከቀሚሴ ሥር የታጠቅኩት ማሽን

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ፣ ፈረንጅ አገር ኒው ሆፕ በሚባል ከተማ የምግብ መጋዘን ስሠራ፣ በወገብ የሚታጠቅ ኮምፒውተር ሰጡን። ሽቦው በእጅጌ አልፎ ጣት ላይ ከሚጠለቀው ስካነር ጋር ይገናኛል፤ ካርቶን ባነበበ ቁጥር ጢጥ ይላል። ሌሎቹ ከልብሳቸው በላይ ታጠቁት። እኔ ቀበቶው ቀሚሴን ከገላዬ አጣብቆ ቅርጼን እንዲያሳይ ስላልፈለግኩ ከውስጥ አሰርኩት።

ሰመር ላይ፣ በሙቀቱ ወራት፣ ሥራው ሲበዛ ማሽኑ አየር አጥቶ ጋለ። ሆዴን ለበለበኝ፤ ከዚያም በራሱ ጠፋ። ሊዳችን፣ የቡድናችን አለቃ፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነበር፤ ያውም ሙስሊም፣ የእናቱን አለባበስ የሚያውቅ። በሰው ሁሉ ፊት፣

«እሜቴ፣ ሆድዎ ላይ ዳቦ እየጋገሩ ነው እንዴ?» አለኝ።

የአገሬ ሰዎች ሳቁ። ይህንንስ በሰብር ችዬ ባለፍኩት። እሱ ግን ፈረንጁ ሱፐርቫይዘር ዘንድ ሄዶ፣ ማሽኑን የሚያበላሸው ቀሚሷ ነው፣ እንደ እኛ ከላይ ትታጠቀው አለ። ሱፐርቫይዘሩም ወይ ከላይ ታጠቂ፣ ወይ ሥራውን ተዪ አለኝ።

«ፍሪዘር ውስጥ ልሥራ፤ እዚያ አይግልም» አልኩ። ማንም የማይፈልገው በረዷማ ክፍል ነውና ፈቀዱልኝ።

ሊዱ በሩን ከፍቶልኝ፣ «በይ እዚያ ቀዝቅዢ» አለ።

ከሶላት በኋላ ለማውቀው ሰው ሁሉ ዱዓ አደርጋለሁ። እሱን ዘለልኩት። ረስቼው አይደለም።

የበረዶው ክረምት ሲገባ አንድ የፍሪዘር ሠራተኛ ቀረና ሊዱ ራሱ ማሽኑን ከጃኬቱ በላይ ታጥቆ ገባ። የጭነት መኪናው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ብዙም ሳይቆይ ብርዱ ባትሪውን ገደለው። ሌላ ቀየረ፤ ያም ሞተ። የእኔው ከካፖርቴና ከቀሚሴ ሥር፣ በገላዬ ሙቀት፣ ጢጥ ጢጥ ይላል።

«እህቴ፣ በአላህ፣ ምን ብታደርጊው ነው የማይሞተው?»

«ከላይ መታጠቅ ነው የሚሻለው ብለህ የለ? በል ቀዝቅዝ።»

መኪናው ሲዘገይ ሱፐርቫይዘሩ እየጮኸ መጣ። ለእሱ ግን ወገቤን በካፖርቴ ላይ መታ መታ አድርጌ አሳየሁት። ወዲያው ፍሪዘር የሚገባ ሁሉ ከካፖርት ሥር ይታጠቅ ብሎ አዘዘ። ስለ ቀሚሴ የሚያነሳም ጠፋ።

ሊዱም ታጠቀ፤ ሆዱ እንደ እርጉዝ ገፋ። ጧት ጧት ሰው በተሰበሰበበት ጠብቄ፣ «ጌታዬ፣ ዳቦው በሰለልዎ?» እለዋለሁ። ሳቁ ወደ እሱ ዞረ።

አንድ ቀን ለብቻዬ አግኝቶኝ፣ «በቃ፣ አፉ በይኝ» አለ። አፉ ብሎ ይቅር የሚል፣ አላህ ዘንድ አጅሩ ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ።

«ገና ነው፤ መሐሉ ሊጥ ነው» ብዬው ወደ ሥራዬ ገባሁ።