ክፍል ሁለት በቅርብ ቀን

ጠፍ፣ ጠፍ።

ሁለት ጫማ ተራ በተራ መሬት ላይ ሲቀመጥ የሚሰማ ድምፅ ነው፤ ከዚያ ዝምታ፣ ከዝምታው በኋላ ዱላ። ባለፈው በጋ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ የጋምቤላን ባጃጆች ከነሾፌሮቻቸው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር አስተኝቷቸው፣ እኔም ሱቄ ውስጥ ማራገቢያውን ወደ ራሴ አዙሬ፣ ነጋዴ ሆኜ ደንበኛ እንዳይመጣ እየተመኘሁ ተቀምጬ ሳለ ነው ይህ ድምፅ የመታኝ። ሥራዬ ስልክ መሸጥ፣ ሜሞሪ ላይ ሙዚቃና ፊልም መጫን ነው። ከትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ የሚመላለስ ጋትሉአክ የሚባል ወጣት ደንበኛ አለኝ፤ የሱን አሮጌ ፊልሞች እኔ እገለብጣለሁ፣ የኔን አዳዲሶች እሱ ይወስዳል፣ ሁለታችንም አንዳችን ሌላውን እንደበለጥን እያመንን በሰላም እንለያያለን። ያን ቀን ያመጣውን ሃርድ ዲስክ ከኮምፒውተሬ ጋር አገናኝቼ፣ የሚሠራውን ከማይሠራው ለመለየት እያንዳንዱን ፊልም ከመሃል ከመሃሉ እያስጀመርኩ ሳልፍ ጠፍ፣ ጠፍ አለ፣ እጄም ባለበት ቀረ።

«እሱ አሮጌ ነው፣ ሰርዘው» አለኝ ጋትሉአክ።

አልሰረዝኩትም።

ልጅ ሳለሁ የዚህን ፊልም ትክክለኛ ስም የሚያውቅ ሰው በከተማችን አልነበረም፤ የሲዲው ሽፋን ላይ የተጻፈው ማናችንም በማናውቀው ፊደል ስለነበር፣ ሁላችንም «ጫማ ጠባቂው» እንለው ነበር። ታሪኩ አጭር ነው። አንድ ቀጭን ሌባ አለ፤ ጫማው አዲስ ስለሆነ እንዲቆሽሽበት አይፈልግም፣ ስለዚህ ጠብ በተነሳ ቁጥር ጠላቶቹን በእጁ «ቆይ» ብሎ አስቁሞ፣ ጫማውን አውልቆ ጎን ለጎን አስተካክሎ አስቀምጦ፣ በባዶ እግሩ ይደባደባል። አንድ ወፍራም ጓደኛም አለው፣ ሥራው ያንን ጫማ መጠበቅ ብቻ ነው፤ ዙሪያውን ጠረጴዛ እየበረረ፣ ሰው በመስኮት እየተወረወረ፣ እሱ ጫማውን ደረቱ ላይ ታቅፎ፣ ሁሉንም ይቅርታ የሚጠይቅ በሚመስል ፊት በመሃል ሹልክ ብሎ ያልፋል። እኛ የምንስቀው በቀጭኑ ቡጢ ሳይሆን በወፍራሙ ፊት ነበር።

ፊልሙን የሚያሳየን ጋሽ ተካ የሚባል፣ ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነ ቪዲዮ ቤት የነበረው ሰው ነው፤ በበጋ እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ፊልም የጨረሰ ሰው ጀግንነትን ከፊልሙ መማር አያስፈልገውም ነበር። ሲዲው መጨረሻው አካባቢ ተጭሮ ስለነበር፣ ቀጭኑ ጫማውን ለጓደኛው ሰጥቶ ከድልድይ ላይ ወደ ወንዝ ሲዘል፣ ገና አየር ላይ እንዳለ ሥዕሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቀጭኑ እጁን እንደ ወፍ ዘርግቶ፣ ወፍራሙ ድልድዩ ላይ ጫማውን ታቅፎ አፉን ከፍቶ። ጋሽ ተካ ሲዲውን በትንፋሹ እያራሰ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው፣ በጥርስ ሳሙና አሸው፣ አልሆነም። በመጨረሻ ከበሩ አጠገብ ያለችውን ጥቁር ሰሌዳ አውርዶ «ክፍል ሁለት በቅርብ ቀን» ብሎ በጠመኔ ጽፎ ሰቀላት። ከዚያ በኋላ ማንም አላጉረመረመም፤ እንዲያውም «አጨራረሱ ግሩም ነው፣ ሰው አየር ላይ ትቶ መሄድ» እያሉ የሚያደንቁ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ነጋዴ ሆኜ ሳስበው ለጋሽ ተካ ያለኝ አክብሮት ይጨምራል፤ የተበላሸ ዕቃውን ሳይደብቅ ተስፋ አድርጎ ሸጦልናል።

አባቴ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የመጣ ገበሬ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ በቆሎ ያርስ ነበር፣ እናቴ ገበያ ውስጥ ሽንኩርትና በርበሬ ትሸጥ ነበር። ታላቅ እህቴ ዘይነብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቀጥታ ወደ እናቴ መደብ ሄዳ ስታግዛት ትውልና፣ ማታ ቤት ስትደርስ የፕላስቲክ ጫማዋን በራችን ላይ ጠፍ፣ ጠፍ አድርጋ ታስቀምጥ ነበር። ቪዲዮ ቤት ሴት ልጅ አትገባም ነበር፤ ማንም አልከለከለም፣ አንዲትም ግን አልገባችም። ስለዚህ እኔ አይቼ መጥቼ እነግራታለሁ፣ እሷም እየለቀመች ያለችውን ምስር ሳትተው ፖሊስ ሌባን እንደሚመረምር ትመረምረኝ ነበር።

«የትኛውን ነው ቀድሞ ያወለቀው፣ ግራውን ነው ቀኙን?»

«አላየሁም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ልታይ ሄድክ?»

በማግስቱ ሄጄ አየሁላት፤ ቀኙን ነበር። አልወደደችውም፣ ጫማ ሲወለቅ ግራው ነው የሚቀድመው ብላ በራሷ ሥልጣን አስተካከለችው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በኛ ቤት ሰውየው ግራውን ቀድሞ ያወልቅ ነበር።

ክረምት ሲገባ ባሮ እየደፈረሰ እየሞላ ይመጣል፣ ከሱ ጋር ወባ። እኔን ወባ በየዓመቱ እንደ ዘመድ ይጠይቀኝ ነበር። የሚሰጠን ኪኒን ከምላስ አልፎ ጆሮ ድረስ የሚመር ስለነበር፣ እናቴ አፍንጫዬን ይዛ፣ አባቴ እግሬን ይዞ፣ እኔ ተፍቼው፣ ጎረቤት «ልጅ እየታረደ ነው» ብሎ የሚመጣበት ጊዜ ነበር። በዚያ ክረምት ግን ዘይነብ ሁለቱንም ገለል አድርጋ ራስጌዬ ተቀመጠችና ኪኒኑን መዳፏ ላይ አድርጋ፣ «ክፍል ሁለት መጥቷል፤ ይሄን ሳትውጥ ግን አልጀምርም» አለችኝ። ጋሽ ተካ ጋ መጣ ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ «እሱ ጋ አልደረሰም፤ መጀመሪያ እኔ ጋ ነው የመጣው» አለችኝ። ዋጥኩት።

ዘይነብ ከባሮ ሌላ ወንዝ፣ ከባሮ ድልድይ ሌላ ድልድይ አይታ ስለማታውቅ፣ ቀጭኑ የዘለለው ባሮ ውስጥ ሆነ። ውሃው ይዞት ቁልቁል ወደ ኢታንግ ሄደ፣ ወፍራሙም ጫማውን ታቅፎ ዳር ዳሩን እየተከተለ፣ ዓሣ አጥማጅ ባየ ቁጥር ባዶ እግሩን የሆነ ሰው አይታችኋል ወይ እያለ ይጠይቃል፤ እነሱም እግራቸውን ወደ ታች አይተው «የትኛውን?» ይሉታል። ኢታንግ ገበያ ሲደርስ አንዱ ጫማውን ሊገዛው ያስቆመዋል። አይሸጥም ይላል። ሰውየው «ካልሸጥከው ለምን ገበያ ይዘኸው መጣህ?» ብሎ ይቆጣል፣ ገበያተኛው በሙሉ ተሰብስቦ ለሰውየው ይፈርዳል። እዚህ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ከገዢ ጋር ስትጨቃጨቅ የዋለችው እናቴ ሳትቀር ሳቀች፤ ከአጥሩ ማዶም ሌላ ሳቅ ተሰማ። አጥራችን ሸምበቆ ነበር፣ ማዶ የምትስቀው ደግሞ እኩያዬ የነበረችው የአኙዋክ ጎረቤቶቻችን ልጅ አሪየት ነበረች። ዘይነብ ከዚያ በኋላ ድምፅዋን ትንሽ ከፍ አድርጋ ማውራት ጀመረች።

በጋው መጣ፣ ወባው ለቀቀኝ፣ ክፍል ሁለት ግን አላቆመም። ማንጎ ሲደርስ ወፍራሙ ማንጎ ዛፍ ሥር ይተኛል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ ወንዝ ይገባል፣ ጫማው እንዳይርስበት ግን እጁን ከራሱ በላይ እንደሰቀለ ነው። ሁሉም ሰው ጫማውን አድርገው ይሉታል፣ የራሱ ጫማ ተበልቶ አልቋል፣ እሱ ግን አያደርገውም። በክረምቱ መግቢያ ላይ፣ ከወንዙ ማዶ የሚያውቀውን ሳቅ ሰምቶ ቀና ሲል፣ ዘይነብ አቆመች። የቀረው ክፍል ሦስት ነው አለችኝ። በልመናም በእንባም ሞከርኩ፣ ጋሽ ተካ እንኳ እንደሷ አልጨከነብንም ነበር።

በዚያ ክረምት መጨረሻ ወባው እኔን አልፎ እሷን ያዛት። መጀመሪያ የኔው ዓይነት መስሎን ነበር፤ ኪኒኑን ያለማንም ተረት ዋጠችው። ከዚያ ምግብ አስጠላት፣ ከዚያ እኛን በሌላ ሰው ስም መጥራት ጀመረች፣ አንድ ጠዋት አባቴ ከእርሻ የመጣበትን ጭቃ እንኳ ሳያራግፍ ጀርባው ላይ አዝሏት ወደ ሆስፒታል ተነሳ። ባጃጅ ያኔ የለም። በሩ ላይ ሲደርሱ እናቴ ጎንበስ ብላ ሰማያዊ የፕላስቲክ ጫማዋን ልታደርግላት ስትል፣ ዘይነብ እግሯን ሰብሰብ አደረገች። ከዚያ ከአባቴ ትከሻ ላይ ዞራ አየችኝ፣ ያን ጊዜ በደንብ ነበር ያወቀችኝ።

«ጠብቅልኝ» አለችኝ፤ «ክፍል ሦስትን ስመለስ።»

ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። ዝናብ ሲመጣ ጫማውን ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩት፣ ሲያባራ አወጣሁት። በኛ ቤት ሰው ሲገባ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል። ከሰዓት በኋላ አንዲት ጎረቤት መጥታ ጫማዋን አውልቃ ገባች። ቀጥላ ሌላ መጣች። ቀጥሎ ከእናቴ ጋር የሚሸጡት የገበያ ሴቶች፣ ቀጥሎ ከመስጊድ ሽማግሌዎች፣ የአሪየት አባትና እናት፣ ጭቃ የያዘ፣ ማሰሪያው የተበጠሰ፣ ተረከዙ የተበላ ጫማ እየተደራረበ መጣ፣ እኔም የሷ እንዳይቀላቀልብኝ ወደ ግድግዳው አስጠጋሁት፣ ከዚያ ጭኔ ላይ አደረግሁት፣ ከዚያ ደረቴ ላይ ታቀፍኩት። ማንም ምንም አልነገረኝም። የነገረኝ የጫማው ብዛት ነው።

ባሮ ጎድሎ አሸዋው መታየት ሲጀምር፣ እናቴ የዘይነብን ልብስ በሙሉ አጥባ፣ አጣጥፋ፣ ሰደቃ ብላ ለሰው ሰጠች። ጫማውንም ሰጥቼ እንድጨርስ ልቀቀው አለችኝ፤ እንዴት እንደለቀቅሁት አላስታውስም። በማግስቱ አሪየት እግር ላይ አየሁት። ከዚያ በኋላ በጋውን ሙሉ አሪየት ትምህርት ቤት ስትሄድ ከኋላዋ እሄድ ነበር፣ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ እወርድ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያናቸው በር ላይም እስክትወጣ ቆሜ አውቃለሁ። ዓይኔ ከተረከዟ አይነሳም ነበር። ሰው ምን እንደሚል አልሰማሁም፣ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ።

የጋሽ ተካ ቪዲዮ ቤት ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ፤ ሰሌዳዋ ግን ዝናብ አጥቦ እስኪጨርሳት ድረስ እዚያው ተሰቅላ «ክፍል ሁለት» ስትል ኖረች። እኔ አደግሁ፣ ነገድኩ፤ ዓሣ፣ ማንጎ፣ ሳሙና፣ የሶላር መብራት፣ ስልክ። በዚህ ከተማ ያልነገድኩት ነገር ቢኖር ጫማ ነው።

እና ያን ቀን፣ ጋትሉአክ ከሄደ በኋላ፣ ፊልሙን ከመጀመሪያው ጀምሬ አየሁት። እውነቱን ለመናገር ደህና ዕቃ አይደለም፤ ቡጢው ከፊት ርቆ ያልፋል፣ ጥላው ከሰውየው ቀድሞ ይወድቃል። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ሳላስበው ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጋሁ። ቀጭኑ ጫማውን ሰጠ፣ ዘለለ፣ እጁን ዘረጋ፣ ሥዕሉ ግን አልቆመም። ዝም ብሎ ቀጠለ። ቀጭኑ ውሃ ውስጥ ወደቀ፣ ከዳር ወጣ፣ አሳለው። ወፍራሙ ከድልድዩ ወርዶ ሲመጣ ጫማውን ራሱ አድርጎታል፤ ቀጭኑ አይቶ ይስቃል፣ ሁለቱም ይስቃሉ፣ ጫማው ጠበበኝ ብሎ ወፍራሙ አውልቆ ወንዝ ውስጥ ይወረውረዋል። ከዚያ ከሥሩ በእንግሊዝኛ የተተረጎመ «በክፍል ሁለት እንመለሳለን» የሚል ጽሑፍ። ፋይሉ ላይ ያለውን ስም ስልኬ ላይ ፈለግሁ፤ ክፍል ሁለት ተሠርቶ አያውቅም። እስከ ዛሬ የሚጠብቁት ሰዎች በየአገሩ አሉ፣ ይጻጻፋሉ፣ ይናደዳሉ። እኔ በጫማው ነው የተናደድኩት።

ፊልም መቁረጥ ለኔ ዓይነቱ ሰው ከባድ ሥራ አይደለም። ቀጭኑ አየር ላይ ሲደርስ ቆረጥኩት።

በሳምንቱ አሪየት ቻርጀር ልትገዛ መጣች። ዛሬ አስተማሪ ናት፣ የልጆች እናት፣ ስትከራከር ግን እንደ ነጋዴ ነው። አስቀምጬ አሳየኋት። ቪዲዮ ቤት ሴት ልጅ ስለማትገባ እሷም በዓይኗ ያየችው ያን ቀን ነበር፤ ጠፍ፣ ጠፍ ሲል ወደኔ ዞራ አየችኝ። ሥዕሉ ሲቆም ቀጥሎስ አለችኝ፣ እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው አልኳት። ሳቀች።

«ያኔ ከኋላዬ ስትሄድ የኛ ቤት ሰዎች ‹ይሄ ልጅ ሊያገባሽ ነው› ይሉኝ ነበር።»

«አንቺስ?»

«እኔማ አውቃለሁ። አጥሩ ሸምበቆ ነው፣ ዘይነብ ‹ጠብቅልኝ› ስትልህ ሰምቻለሁ። ለዚህ እኮ ነው ጭቃ ሲመጣ አውልቄ በእጄ እይዘው የነበረው። አንተ ከኋላ ነህ።»

ጫማው የት ደረሰ አልኳት። እግሯ ሲያድግ እናቷ ለአክስቷ ልጅ ልካው ኢታንግ እንደሄደ ነገረችኝ። ዘይነብ ክፍል ሦስትን ነግራሽ ነበር ወይ ስላት ራሷን ነቀነቀች። «ለኔ የደረሰኝ ጫማው ብቻ ነው» አለች፣ የቻርጀሩን ዋጋም ሳትከራከር ከፍላ ሄደች።

አሁን ያንን የቆረጥኩትን ፊልም ለደንበኛ እጭናለሁ፣ በደንብ ይሸጣል። የወሰዱት ልጆች ተመልሰው መጥተው ያልቃል ወይስ ተበላሽቷል እያሉ ይጠይቁኛል፣ እኔም ዓይኔን ሳላሽ «ክፍል ሁለት በቅርብ ቀን» እላቸዋለሁ። ከዚያ ሱቄ በር ላይ ቆመው ይከራከራሉ፤ አንዱ ሰጥሟል ይላል፣ አንዱ ማዶ ወጥቷል ይላል፣ ጫማውስ የሚል አንድ አይጠፋም። ያኔ በክረምት የሚጠብቀው እኔ ነበርኩ፣ የምታስጠብቀኝ ዘይነብም ራስጌዬ ነበረች። ዛሬ አስጠባቂው እኔ ሆኛለሁ፤ ክፍል ሁለትን ከነኢታንግ ገበያው በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ልጄ ሲታመም ለሱ ሳይቀር ነግሬዋለሁ። ክፍል ሦስትን ቢጠይቁኝ ግን፣ ዛሬም በራችን ላይ ተቀምጬ እየጠበቅሁ ነው ከማለት ሌላ የምነግራቸው የለኝም።