ድንጋዩ የእኔ፣ ትምህርቱ የእህቴ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ ነው። የምጽፈው አንድ ነገር እስካሁን ስላልገባኝ ነው።

ታናሽ እህቴ ሃያት ወገቧን ታማ ትምህርት ቤት መመላለስ ካቆመች ወዲህ የምትማረው ቤት ነው። ጎረቤታችን የሆነ አስተማሪ እያስጠናት፣ ለፈተና ብቻ እየሄደች ዘጠነኛ ክፍልን ጨረሰች። ጅማ ያለ አንድ ኮሌጅ፣ እቤት ለሚማሩ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ኮምፒውተር እንደሚያስተምር ስትሰማ እንቅልፍ አጣች። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ከሰርቦ በሚኒባስ ይዣት ሄድኩ።

በሩ ላይ የተሰለፈው ሰው ሳይሆን ድንጋይ ነበር። ሁሉም ድንጋዩን አስቀምጦ ጥላ ፈልጓል። እኔም አንድ ድንጋይ አምጥቼ ከኋላ አስቀመጥኩ። ሃያት ብዙ መቆም ስለማትችል ዛፍ ስር አረፍ አለች።

ተራው ሲደርስ ጥበቃው ድንጋዬን በእግሩ ነካ አድርጎ፣ "የማን ነው?" አለ።

"የእኔ።"

"ኮቱ፣ ነይ ግቢ።"

"እህቴ ናት የምት..."

"ድንጋዩን ማን አስቀመጠ?"

"እኔ።"

"እንግዲያው አንቺ ግቢ። ጠዋት በሰው ድንጋይ እየገቡ ሊደባደቡ ነበር።"

ከኋላዬ የነበሩ እናት፣ "ግቢ እንጂ ልጄ፣ እኛም እኮ ፀሐይ በላን" አሉ። ሰው ሲያየኝ ምላሴ ይተሳሰራል። ገባሁ።

መዝጋቢዋ ቀና ሳትል፣ "ቤት ነው የምትማሪው?" አለችኝ። ሻርፔን አስተካከልኩ።

"ትምህርት ቤት አትሄጂም ወይ?"

"አልሄድም።"

"ስንተኛ ደርሰሻል?"

"ስድስተኛ።"

"ይቅርታ እህቴ፣ ዘጠነኛን ያልጨረሰ አንቀበልም። ቀጣይ።"

ወጥቼ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ሃያት ከዛፉ ስር ሆና በእጇ "ምን አሉሽ?" ትለኛለች። ያኔ ነቃሁ። መመለስ የነበረብኝ ስለ እሷ ነው፤ የመለስኩት ስለ ራሴ ነው። የሷን ቦታ በራሴ አፍ ዘግቼባት ወጥቻለሁ።

ተመልሼ ገባሁ። "ድንጋዩ የእኔ ነው፤ ትምህርቱ ግን የእህቴ ነው" አልኩ። ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

"የምን ድንጋይ?" አለች መዝጋቢዋ።

ጥበቃው በር ላይ ሆኖ ሲያስረዳት ሳቀች። "ታዲያ ልጅቷ የታለች?" ብላ እስክሪብቶዋን ይዛ ወጣች፤ ሃያትን እዚያው ዛፉ ስር እንደተቀመጠች መዘገበቻት። አልሐምዱሊላህ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የማደርሳት እኔ ነኝ። ጥበቃው ባየኝ ቁጥር "ባለ ድንጋይዋ መጣች" ይላል። እኔ ፊቴን በሻርፔ እሸፍናለሁ።

ያልገባኝ ግን ሌላ ነው። ትምህርት ካቆምኩ ጀምሮ ስንተኛ እንደደረስኩ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አንድ ሰው ሲጠይቀኝ እህቴን እንዴት ረሳኋት? እሷ ክፍል ገብታ እኔ ውጭ ስጠብቃት ይህን አስባለሁ። ዛሬም ያቺ ሴት ወጥታ ብትጠይቀኝ፣ ስለ ማን እንደምመልስ አላውቅም።