አራተኛው ላይ የቆመው ቆጠራ

የልጄ አማት ቻይናዊ ነበሩ። ስለ እሳቸው ክፉ የምጽፍ የመሰለው ካለ ተሳስቷል። ቂሜ ከራሴ ወገን ጋር ነው።

ሰውዬው ዕድሜያቸውን ሙሉ ምግብ ቤት ውስጥ ሲያበስሉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የቤተሰባቸውን የትውልድ መጽሐፍ እንደ አዲስ መጻፍ ጀመሩ። የድሮው መጽሐፍ አገራቸው ውስጥ በአንድ የረብሻ ዘመን ተቃጥሏል። ከመቃብር ድንጋይ ፎቶግራፍ፣ ከዘመድ ደብዳቤ፣ አያታቸው በመርከብ ካናዳ ሲገቡ ከተሰጣቸው ወረቀት እየለቀሙ ሃያ አራት ትውልድ ደርሰው ነበር። ማክሰኞ ማክሰኞ ቶሮንቶ ውስጥ ከምኖርበት ሴንት ጄምስ ታውን ተነስቼ የልጅ ልጃችንን ልጠብቅ እነሱ ቤት ስሄድ፣ የምግብ ጠረጴዛው በወረቀት ተሸፍኖ አገኘዋለሁ። ከልጅ ልጃችን ስም አንዱ ፊደል እንኳ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በተጻፈ የቤተሰቡ ግጥም ውስጥ ተራውን ሲጠብቅ የኖረ ነው። እያንዳንዱ ትውልድ ከግጥሙ አንድ ፊደል ይደርሰዋል።

አንድ ማክሰኞ የልጄን ገጽ አሳዩኝ። በመጽሐፉ ደንብ ሚስት የምትጻፈው በመጣችበት ጎሳ ስም ነው። ከሠርጉ ጥሪ ላይ የልጄን ሁለተኛ ስም ወስደው በቻይንኛ ጽፈውታል።

«የእናንተ ጎሳ» አሉኝ፣ ጣታቸውን አሳርፈው። ሁለታችንም የምንግባባው በሥራ ቦታ በለቀምነው እንግሊዝኛ ነው።

ሲያነቡልኝ ክው አልኩ። የባሌ ስም ነው። ልጄ ሦስት ዓመት እንደሞላት ጥሎን የሄደው ሰው፣ የጎሳ አባት ሆኖ ተቀምጧል።

«ይሄ ጎሳ አይደለም» አልኳቸው። «አንድ ሰውዬ ነው።»

የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት መጠሪያ እንጂ የቤተሰብ ስም እንዳልሆነ አስረዳኋቸው። ብሩሻቸውን አስቀመጡ።

«ታዲያ ስማችሁ እንደ አውቶቡስ ቲኬት ነው። አንዴ ያገለግላል፣ ይጣላል።»

«በወረቀት ነው እንዲያ። በቃል እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን።»

«እስቲ ይቁጠሩልኝ።»

ያን ቆጠራ ከሠርጌ በኋላ አፌ ላይ አምጥቼው አላውቅም። የባሌ ታላቅ እህት ከጋብቻው በፊት ሽማግሌ አስቀምጣ ዘሬን አስቆጥራ ነበር። ደንቡ ዝምድና እንዳይኖር ነው፤ እሷ ግን የፈለገችው ሌላ ነው። አባቴ ቆመው ቆጠሩ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ አቋረጠቻቸው።

«እሱ ቀጥቃጩ አይደለም እንዴ?»

«ነው» አሉ አባቴ። «የአያቶችሽን ማረሻ የሠራው።»

«እንግዲህ ይበቃናል። የቀረው ምን ይጨምርልናል?»

አባቴ ሦስቱን ስም ዋጥ አድርገው ተቀመጡ። ሙሽራው እህቱን እንቢ ስላላት ጋብቻው አልፈረሰም። ግን ቶሮንቶ ላይ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ በር ላይ ቆሞ ያለኝ «እህቴ ነግራኝ ነበር» የሚል ብቻ ነው። እህትየው አሁን እዚሁ ከተማ፣ ክሬሰንት ታውን ትኖራለች። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ጉንጬን ሦስት ጊዜ ትስመኛለች። እኔም እስማታለሁ። ይቅርታ ግን አላደረግሁላትም፤ ይህን ካነበበች ትወቀው።

ለቻይናዊው ሽማግሌ ቆጠርኩላቸው። አራተኛው ላይ ስደርስ ቆጠራውን አቋርጬ ነገርኳቸው።

«እሱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። እኛ አገር ይናቃል።»

«የእኛ አሥራ አንደኛ የጨው ሌባ ነበር። ጽፌዋለሁ።»

«እንዴት ጻፉት?»

«ካልጻፍኩት እኔ ከየት መጣሁ?»

ሰባቱንም በሌላ ወረቀት ላይ በብሩሽ ጻፏቸው። በባሌ ስም ፋንታ የአባቴን ቤት እንደሚያስገቡ ቃል ገቡልኝ። ደንቡስ ስላቸው «ደንቡን የሚያውቁት ሁሉ ሞተዋል» ብለው ሳቁ። እንደዚያ ቀን አንድ ነገር የፈለግሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ መግባት ፈለግሁ።

ገጹን ሳያስተካክሉ በክረምቱ ብርድ አረፉ። የወንድማቸው ልጅ ረቂቁን ቻይና ወስዶ ሊያሳትም ሲል የልጄን ገጽ እንድታረጋግጥለት በኢሜይል ልኮላት ኖሯል። የሰማሁት የታተመው ሲመጣ ነው።

«ፓስፖርቴ ላይ ያለው እሱ ነው፣ እማዬ። ኮንፈርም አደረግኩት።»

«የአባቴን ቤት ሊያስገቡት ነበር።»

«ማንን?»

«አራተኛው ቀጥቃጭ ነበር...» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። ልጄ ቀጥቃጭ የሚለውን ቃል አታውቀውም።

«መቼ ነግረሽኝ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። ስልኳን አንስታ ወደ ማእድ ቤት ገባች።

እህትየው አራተኛው ላይ አቆመችው። እኔ ግን ለልጄ ከመጀመሪያውም አልጀመርኩላትም። ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ አይደለም።

መጽሐፉ ቀይ ሽፋን አለው፤ እኔ ቤት ያለው እንዲያው ለክብር የተሰጠኝ ነው። የሽማግሌውን ወረቀት በልጄ ገጽ መሃል አስገብቼዋለሁ። ቻይንኛ ስለማላነብ ያ ጥሎን የሄደ ሰው ገጹ ላይ የት እንደተጻፈ አላውቅም፤ ወረቀቱ ላይ የአባቴም ስም የትኛው እንደሆነ አልለይም። የወረቀቱን ስሞች ከላይ ወደ ታች እቆጥራለሁ። ሰባት ናቸው።