እናቴ ያልጠራችው ስም

መቼ እንደነበር ቁርጡን አላስታውስም። የሶማሊያ ጦርነት የተነሳበት ዘመን መሆኑን፣ በቆሎውም ጸጉር አውጥቶ እንደነበር አውቃለሁ፤ ቀኑንና ወሩን ብትጠይቀኝ ግን እንጃ። በትምህርት ብዙ ስላልገፋሁ ያኔ ጽፌ ያስቀመጥኩት ነገር የለም። ያ ዘመን የሚመጣብኝ በጠረን ነው። ከነቀምት መናኸሪያ ወደ ታች ስወርድ ጎሚስታው ላስቲክ ሲያቃጥል ከሸተተኝ እግሬ በራሱ ይቆማል። እዚያ የሚሠሩት ወጣቶች ለምደውኛል። “አባባ፣ ዛሬ ደግሞ የትኛውን መኪናዎን ሊያስነፉ መጡ?” እያሉ ይቀልዱብኛል። እስቃለሁ። ግን ቶሎ አልሄድም።

የእህቴ ባል ጎሚስታ ነበር። ሶማሌ ነው። ከጅጅጋ ወዲያ ካለ አገር በጭነት መኪና መጥቶ፣ መኪናው ነቀምት ሊደርስ ሲል አኖ ከተማ ላይ ተሰብሮበት፣ ዕቃ እስኪመጣለት ነቀምት ሲጠብቅ እህቴን አየና እዚሁ ቀረ። አባቴ ከጎጃም የመጣ ነጋዴ ነበር፤ ያን ጊዜ በሕይወት የለም። እናቴ ግን የዚሁ የወለጋ ኦሮሞ ናት፤ በወገኖቿ ደንብ ደግሞ አማት የልጇን ባል በስሙ አትጠራም። እሱም የእሷን አይጠራም። ክብር ነው። “ሶዳ” ነበር የምትለው፤ አማቼ እንደማለት ነው። እኔም ከእሷ አፍ ለምጄ ሶዳ አልኩት።

ሶዳ ላስቲኩን በሞረድ እየፈገፈገ የአባቶቹን ስም ይቆጥር ነበር። ከራሱ ይጀምራል፣ አባቱ፣ አያቱ፣ ቅድመ አያቱ፣ እንዲያ እያለ እስከ ላይ። ሞረዱ ሲሄድ ሲመለስ፣ ሲሄድ ሲመለስ፣ ስሞቹም አብረውት። እኔንም አስጠናኝ።

“ይህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?” ብዬው ነበር።

“አገሬ ብትሄድ ማን ነህ ይሉሃል። የማን ሶዳ እንደሆንክ ትነግራቸዋለህ።”

ከዚያ ወሬው መጣ። ሾፌሮቹ ጎማ እስኪለጠፍላቸው ሬዲዮ ከበው ይቀመጣሉ። የዱሮ ወዳጃችን አሜሪካ መሣሪያ ከለከለችን፣ የሶማሊያን ጦር ያስታጠቀችው ሩሲያ ደግሞ ወደ እኛ ዞረች ተባለ። አንዱ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር “በቃ፣ የራሳችንን ሚስት ፈተን የሶማሊያን ቀማናት” ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሶዳም ሳቀ። “መንግሥት ያገባል ይፈታል፤ የእኔን ሚስት የነካ ግን ጎማውን እበሳለሁ” አለ።

ሽማግሌዎቹ አልሳቁም። እነሱ በጣሊያን ጊዜ ከጣሊያን ጋር ስለመጡት የሶማሌ ወታደሮች ማውራት ጀመሩ። ሲያወሩ የሚያዩት ወደ ሶዳ ነበር። እሱ ያኔ ገና አልተወለደም። ጎሚስታ የሚለውንም ቃል ያመጣው ጣሊያን ነው፤ ስንጠራው ግን አንድም ቀን አፋችንን ጎርብጦን አያውቅም።

እኔ ሚሊሺያ ተባልኩ። ልሄድ ስል ሶዳ ጫማዬን ተቀብሎኝ ሶሉን በመኪና ጎማ ደገፈልኝ፤ የማስቲሹ ጠረን እስከ ግንባር ተከትሎኛል። ሲያስረክበኝ “እዚያ ወንድሞቼን…” ብሎ ጀመረና ተወው። ምን ሊለኝ እንደነበር እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ስለ ውጊያው ብዙ አልነግርህም። አንድ ጠዋት ጓዶቼ ተበታትነው፣ እኔም ጠመንጃዬን የት እንደጣልኩ ሳላውቅ፣ ምላሴ ተጣብቆ ከአንዲት የሶማሌ አሮጊት ጎጆ ፊት ወደቅሁ። ፍየሎቿ መጥተው አሸተቱኝ። “ሆዮ፣ ቢዮ” አልኳት፤ እናቴ፣ ውሃ ማለት ነው፤ ሶዳ ነው ያስተማረኝ። አሮጊቷ አልቀረበችም። ከሩቅ ሆና በቋንቋዋ ማን ነህ አለችኝ። የሰው አገር ወታደር መሆኔን ልብሴ ይናገራል፤ የጠየቀችኝ እሱን አልነበረም።

የእህቴን ባል ስም ጠራሁ። አባቱን ጠራሁ። አያቱን ጠራሁ። እንዲያ ወደ ላይ ስወጣ አንዱ ስም ላይ እጇን አንስታ አስቆመችኝ። ከዚያ በላይ ያለውን እሷ ጨረሰችው።

ውሃ አጠጣችኝ። በሰሌን ሸፍና አስተኛችኝ። በኋላ የታጠቁ ሰዎች መጡ። አላየኋቸውም፤ አንደኛው ግን “ሆዮ” ብሎ ሲጠራት ሰማሁ። እንደኔ የተማረው ቃል አይደለም፣ የልጅ አጠራር ነው። ምን ብላ እንደሸኘችው አላውቅም። ሄዱ። እኔም ጀንበር ሲያዘቀዝቅ በጠቆመችኝ በኩል ወደ ወገን ጦር ደረስኩ።

ነቀምት ስመለስ የጎሚስታው ቤት በር ተከርችሟል። እህቴ ሕፃን ታቅፋ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። እናቴ አቅፋ ሳመችኝ፤ ዓይኔን ግን አላየችኝም። የሆነውን የነገረኝ ጎረቤታችን የበሬ ነጋዴው ነው።

ቀበሌ ስብሰባ ጠርቶ ነበር። ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ወጣት ካድሬ ሶዳን ከፊት አቁሞ፣ “ለዚህ ሰው ዋስ የሚሆን በስሙ ጠርቶ ይመስክርለት” አለ። እህቴ አራስ ናት፣ ከቤት አልወጣችም። እናቴ ተነሳች።

“እኔ ዋሱ ነኝ።”

“ማን ይባላል?”

“ሶዳ ነው።”

“ስሙን ነው ያልኩት፣ እማማ።”

“ልጄን ያገባ ነው። ሶዳዬ ነው።”

“የት እንደሚተኛ ያውቃሉ፣ ስሙን አያውቁም?” አለ ካድሬው፤ ከኋላ ሳቅ ተሰማ።

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። ነጋዴው እንደነገረኝ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ያን ጊዜ ሶዳ ራሱ “ይቀመጡ፣ እናቴ” አላት። በሰው ፊት ደንቧን እንዳታፈርስ ብሎ ነው። ተቀመጠች።

ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ደንቡን የማያውቅ ካድሬው ብቻ ነበር። አንድ ሰው ተነስቶ “አማት ናት፣ አትጠራውም” ቢል ይበቃ ነበር። ግን የሁሉም ልጆች ከእኔ ጋር ግንባር ነበሩ። ሰዎቹ መሬት መሬቱን አዩ። ነጋዴውም “እኔም መሬቱን አየሁ” አለኝ። አልተቆጣሁትም። የእኔ ግንባር መሄድም ያን ሰው ሁሉ ዝም ካሰኙት ነገሮች አንዱ ነው። ሶዳን በመኪና ወደ አዲስ አበባ ወሰዱት። እኔም አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ፤ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እየመራኝ ባዶ እጄን ተመለስኩ።

የሚከነክነኝን ልንገርህ። እሱን የወሰዱት ያን ውሃ ከመጠጣቴ በፊት ይሁን በኋላ አላውቅም። በጠላት አገር በስሙ ውሃ ጠጣሁ፤ በቤቱ ስሙን የሚጠራለት ሰው ጠፋ። ጥፋቴ ይህ ነው ብዬ የምጠቁመው ነገር የለም። ቢሆንም እንጀራ ስቆርስ ትዝ ይለኛል፣ ጫማ ስገዛ ትዝ ይለኛል።

አሁንም በግጭት ከጊዳ አያና የተፈናቀሉ ሰዎች መናኸሪያው ጋ ሲወርዱ፣ አንድ ሰው ወደ አንዱ ጠጋ ብሎ “ማን ነህ? የማን ልጅ ነህ?” ሲል እሰማለሁ። ጥያቄው ውሃ ሊሰጠው ይሁን ለሌላ፣ ከድምፁ ለመለየት ጆሮዬን እጥላለሁ።

እናቴ ብዙ ኖረች። ስለዚያ ስብሰባ አንድ ቀንም አልተናገረችም። መጨረሻዋ ሲቃረብ ግን ወደ አልጋዋ ጠራችኝ። “ኢልማ ኮ” አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው። “አንተ ጥራልኝ። እኔ እሰማለሁ።”

ማንን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ጠራሁት። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችኝና፣ እዚያ የቀበሌ ስብሰባ መሃል የቆመች ይመስል፣ “አዎ፣ እሱ ነው። አውቀዋለሁ” አለች።

ይኸው አንተንም እስካሁን ሶዳ፣ ሶዳ እያልኩ አቆየሁህ። ከዚያ በረሃ ያወጣኝ ሰው ዋርሳሜ ይባላል። የሮብሌ ልጅ፣ የሂርሲ የልጅ ልጅ።