«እኔን» ባዩ ፈጣን ወርዋሪ

ከሲኤምሲ ወደ ሳሊተ ምሕረት ስሄድ ታክሲው በአጠገቡ የሚያልፈው የኮንዶሚኒየም ግቢ፣ ድሮ እኛ ክሪኬት የምንጫወትበት ሜዳ ነበር። እሑድ እሑድ ከሰዓት፣ እዚያ አቧራ ላይ፣ እኔ ፈጣን ወርዋሪ ነበርኩ። ይህን ማውራት ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ወዲህ በምንም ነገር ፈጣን ተብዬ አላውቅም።

ጨዋታውን ያስተማረኝ ሃያ ሁለት አካባቢ በነበረው መሥሪያ ቤታችን አብሮኝ ይሠራ የነበረ ህንዳዊ መሐንዲስ ነው። የቡድናችን አምበልም እሱ ነበር። በክሪኬት ኳስ ሲወረወር ክርን አይታጠፍም። እኔ ደግሞ ድንጋይ ስወረውር ያደግሁ የሰፈር ልጅ ነኝና ክርኔ እምቢ አለ። አምበሉ ካርቶን ቆርጦ ክንዴ ላይ በፕላስተር አሰረልኝ፤ አንድ ወር ሙሉ ክንዱ እንደተሰበረ ሰው ስወረውር ከረምኩ። በኋላ ገባኝ። ከሩቅ ተንደርድሬ እመጣለሁ፣ መወርወሪያው መስመር ጋ ስደርስ እዘላለሁ፣ ኳሷ መሬት ነክታ ዱላ ይዞ ወደሚጠብቃት መቺ ጎድን ትነሣለች። እንዴት ደስ ይል ነበር!

ችግሬ አፌ ነበር። ኳሷ ሰው በመታች ቁጥር «እኔን» እላለሁ። ሰው ተደናቅፎ እያየ «እኔን» ሳይል የሚያልፍ እዚህ አገር ማን አለ? ብዬም አልተውም፤ ሮጬ ሄጄ የተመታበትን አሽለታለሁ። ከዚያ በኋላ እጄ ይራራል፣ ኳሶቼም ለስላሳ ይሆናሉ። ከመገናኛ በኩል የሚመጣው የመምህራን ቡድን ይህን ነቃብኝ። አንዱ መምህርማ ሆን ብሎ ትከሻውን አስመታና፣ ተከትለው የመጡለትን ለስላሳ ኳሶች ሜዳው ዳር ድረስ ሲልካቸው ዋለ። ተሸነፍን።

አምበሉ ኮንትራቱ አልቆ ወደ አገሩ ሊመለስ አንድ ጨዋታ ቀረው፤ ከእነዚያው መምህራን ጋር። አንዴ እንኳ አሸንፏቸው መሄድ ይፈልግ ነበር። ከጨዋታው በፊት ለብቻዬ ጠራኝና በተሰባበረ አማርኛው፣

«ወንድሜ፣ ዛሬ ‹እኔን› የለም። እሺ?» አለኝ።

«እሺ» አልኩት።

የመጨረሻው መቺያቸው ጸጉራቸው የሸበተ አንድ መምህር ነበሩ። ኳሴ ጎድናቸውን አገኘቻቸውና ተንበረከኩ። ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ፤ ዋጥኩት። ጀርባዬን ሰጥቻቸው ወደ መነሻዬ ተመለስኩ። እንደምንም ቆሙ። ከመቼውም ይበልጥ ፈጥኜ ወረወርኩ፤ ከኋላቸው የተተከሉት፣ ከተመቱ መቺው ከጨዋታ የሚወጣባቸው ሦስት እንጨቶች ተበታተኑ።

አሸነፍን። አምበሉ አቅፎኝ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። ያን ቀን የመሰለ ቀን ዛሬም ይናፍቀኛል። እንደታቀፍኩ ቀና ስል ግን መምህሩን አየኋቸው፤ በአንድ እጃቸው ጎድናቸውን ይዘው በሌላው የተበተኑትን እንጨቶች ይለቅማሉ። ጨዋታው አልቋል፤ ወደ እሳቸው ብሄድ የሚከለክለኝ አልነበረም። አልሄድኩም። ሰው ሁሉ እያጨበጨበልኝ ነበር።