ሉጥፊ ሰነፍ አይደለም

መንጂያ የተባለችውን ጎረቤቴን የሚያውቅ፣ የቱኒዚያዋ የስፋክስ ከተማ ሰው ሁሉ ቁጣዋንም ያውቃል። ያስቆጣት ደግሞ በታናሽ ወንድሟ በሉጥፊ ላይ የተሠራው ግፍ ነው።

ሉጥፊ ሰዓት ይጠግን ነበር። በሃያ ስድስት ዓመቱ ስኪዞፍሬኒያ ያዘው። መድኃኒቱ በጆሮው የሚንሾካሾኩትን ድምፆች ጸጥ አሰኘለት፤ ሐሳቡን ግን አልሰበሰበለትም። ዳቦና የወይራ ዘይት እንዲገዛ ሲላክ ዳቦውን ብቻ ይዞ ይመጣል። የፈታውን ሰዓት መልሶ መግጠም አቃተው። ታላቃቸው ሙንሲፍ ግን፣ "ሕመሙስ ድኗል፤ የቀረው ስንፍና ነው" እያለ በሰው ፊት ያዋርደው ነበር። የአካል ጉዳተኛ መታወቂያ የሚሰጠው ኮሚቴም እጅ እግሩን አይቶ "ጤነኛ ነው" ሲል መለሰው።

አምና ሆስፒታሉ ለጥናት ሰው ሲፈልግ መንጂያ ወሰደችው። የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚለካ፣ ሽቦ የበዛበት ቆብ አጠለቁለት። አንድ ዓይነት ድምፅ ይደጋገማል፤ አልፎ አልፎ ቀጠን ያለ ሲመጣ ቁልፍ መጫን አለበት። ሉጥፊ ላብ እስኪያጠምቀው ታገለ። በተሳሳተ ቁጥር "ይቅርታ፣ እንደገና ልሞክር" ይላል።

ጥናቱን የምታካሂደው ዶክተር ረጃእ ማሽኑ የሣላቸውን መስመሮች ለመንጂያ አሳየቻት። "ቀጭኑ ድምፅ ሲመጣ የጤነኛ ሰው የአንጎል ሞገድ ቶሎ ከፍ ይላል። የእሱ ዘግይቶ፣ አንሶ ነው የሚመጣው። ይህ ሕመም ካለባቸው ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው።"

"እንግዲያው ዶክተር፣ ይህንኑ ለኮሚቴው ይጻፉልኝ።"

"እትዬ መንጂያ፣ ጥናቱ የብዙ ሰው አማካይ ነው የሚያየው። ለአንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም።"

መንጂያ ብድግ አለች፤ አንቱታውም ቀረ። "ሁለት ሰዓት ጭንቅላቱን ስትለኪ ሰው ነበር፤ ወረቀት ሲጠየቅ አማካይ ሆነ? ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰነፍ ሲባል የት ነበራችሁ? ያየሽውን ጻፊ! ታገለ እንጂ አልለገመም ብለሽ ጻፊ!"

ዶክተሯ በሳምንቱ ሉጥፊን አስጠርታ ማስታወሱንና ትኩረቱን ለብቻው ፈተነችው፤ ውጤቱንም ጽፋ ፈረመችበት። ኮሚቴው ሦስት ጊዜ አመላልሶ በአራተኛው መታወቂያውን ሰጠ። ተሳስተናል ያለ ግን አንድም ሰው የለም።

ሙንሲፍ የዶክተሯን ደብዳቤ አነበበና "እኔ ምን አውቄ! ሐኪም አይደለሁ" አለ።

"ሐኪም ሳትሆን አይደል እንዴ ዘጠኝ ዓመት የፈረድክበት!"

"ተይው እህቴ" አላት ሉጥፊ።

አልተወችውም። ሉጥፊ አሁን በሳምንት ሁለት ቀን ትኩረቱን ለማለማመድ ክሊኒክ ይሄዳል፤ ሰዓት መጠገኑ ግን አልተመለሰለትም። ሙንሲፍ ለዒድ በግ አስነድቶ መጣ። ይቅርታ ሳይጠይቅ ስለመጣ መንጂያ በሩን አልከፈተችለትም።