ሀሊሞ ለፋቲሃው እጇን ያላነሳች ቀን

ታይዋን በሚባለው ገበያችን ውስጥ ሀሊሞን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ድሪያ የሚባለውን ሰፊ ቀሚስና ሽርጥ ትሸጣለች። ጎረቤቷ የሺአረግ ነኝ፤ ስንት ጊዜ እንደሰደበችኝ ልቁጠር ብል ይመሽብኛል። ይህች ሴት የምትፈራው ነገር አለ ቢሉኝ እስቅ ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት አንድ የእብነ በረድ ማዕድን አክሲዮን ማኅበር ተቋቋመ። ትንሹ ድርሻ እንኳ ለብቻችን የሚቀመስ ስላልነበረ ስምንት ሴቶች አዋጥተን በሀሊሞ ስም ገዛን። ወረቀት አልተጻፈም። እኛ ዘንድ በአደራ ላይ ወረቀት መጠየቅ ስድብ ነው፤ ጅሎች ነበርን። ሥራ አስኪያጁ ዐብዲወሊ የልጇ የዐማል ባል አባት መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አኮራን። ቤተኛ ይዘን ማን ይነካናል!

እብነ በረዱ የሚቆፈርበት ካባ እስከ ዛሬ የሚሸጥ ድንጋይ አላወጣም። አንድ ዓመት ማሽኑ ተሰበረ፣ አንድ ዓመት መለዋወጫው ጅቡቲ ቀረ። የኃላፊዎቹ መኪና ግን ይታደሳል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም።

አምና ሀሊሞ እናገራለሁ ብላ ጉባኤ ገብታ አፏን ሳትከፍት ወጣች። ተናደድኩባት።

"ዐማል ዐብዲወሊ ቤት ነው ያለችው፤ ነፍሰ ጡር ናት" አለችኝ። "በሰው ፊት አዋርጄው ልጄን በሰላም ያኖራታል?"

ዘንድሮም ከዚራ ሰፈር ወዳለው አዳራሽ አብሬያት ሄድኩ። የአማርኛ ፊደል ስለማትለይ ወረቀት የማነብላት እኔ ነኝ። "ኃላፊዎቹ ለሦስት ዓመት ይቀጥላሉ፤ እኛ ደግሞ ተጨማሪ እንከፍላለን ይላል" አልኳት በሹክሹክታ። ክንዴን ያዘችው። በዚያ ሙቀት እጇ ቀዝቅዞ ነበር።

ዐብዲወሊ ሪፖርቱን እንደጨረሰ ለጥያቄ ጊዜ ሳይሰጥ ለማሳረጊያው ዱዓ ሼኽ ወርሳሜን ጋበዘ። ሼኹ ፋቲሃ ካደረጉ ነገሩ ተዘጋ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚከፍተው ሰው ሽማግሌ ንቋል ይባላል። ሰውዬው ያውቅበታል!

አዳራሹ በሙሉ መዳፉን ዘረጋ። ክርስቲያኗ እኔ እንኳ ፈርቼ ዘረጋሁ። ሀሊሞ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀረች። ሼኹ አዩዋትና አቋረጡ።

"ሀሊሞ፣ ምነው?"

"ወላሂ ላላየሁት ነገር አሚን አልልም፣ ሼኽ። መጀመሪያ ኃላፊዎቹ ካባውን ያሳዩን። ከዛ ዱዓ አድርግልን።"

ከኋላ አንድ ሽማግሌ "እውነቷን ነው" አለ፣ ከዚያ ሌላው። ሼኽ ወርሳሜ እጃቸውን አወረዱ። ጉባኤው ካባው እስኪታይ ተበተነ።

በር ላይ ዐብዲወሊ ፈገግ ብሎ ጠበቃት። "ዐማልን ሰላም እልልሻለሁ" አላት።

ባጃጅ ውስጥ ደቻቱ ድልድይ ሳንደርስ ስልኳ ጮኸ። ዐማል ናት፤ ታለቅሳለች።

"አባረረሽ?" አለች ሀሊሞ።

"አይ፣ ሆዮ፣ እናቴ። አማቼ ለባሌ ደውሎ ሲጮህ ሰማሁት፣ ተናገርሽው አሉ። እኔም የሠርጌን ወርቅ ሁሉ ለአክሲዮኑ ሰጥቼዋለሁ። አምና ጉባኤው ላይ አንቺ ዝም ስትዪ፣ ደህና ነው ማለት ነው ብዬ… ባሌ መጣ፣ መጣ" ብላ ዘጋችው።

ሀሊሞ የተዘጋውን ስልክ ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቀረች።

"ዝም ያልኩት ላንቺ ብዬ ነበር" አለችው።